ወተቱ ሲረጋ

ባለፈው ቅዳሜ ጧት ከመኝታ ቤት ስወጣ፣ ልጄ ሕይወት ሳሎኑ መካከል ፍራሽ ዘርግታ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ብላ አገኘኋት። አሟት ይሆን ብዬ ልጠራት ስል ከጎኗ ያስቀመጠችው ስልክ ተናገረ። አንዲት ፈረንጅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ሕፃን የምታስተኛ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሳቢ ትልና እስከ አራት ትቆጥራለች፤ ያዢው ትልና አሁንም እስከ አራት ትቆጥራለች፤ ቀስ ብለሽ ልቀቂው ትላለች። ልጄም የታዘዘችውን ሁሉ ታደርጋለች። ሕይወት ባሕር ዳር ቢሮ ትሠራለች፤ ሥራው እንቅልፍ ስለ ነሣት ጥቂት ቀን ለማረፍ ነው እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም የመጣችው። ለዚህች ለፈረንጇ ሴት በየወሩ እንደምትከፍላት ማታውን ነግራኝ ነበርና፣ ቆሜ የምሰማው ትንፋሽ ስንት እንደሚያወጣ በሆዴ ማስላት ጀመርሁ። ይኼኔ ባለቤቴ ትርንጎ ከጓዳ ብቅ አለች። ልጅቷን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና «ወተቱ ረጋ?» ብላ ተመልሳ ገባች።

ይህች ነገር ቤታችን ውስጥ ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። መብራት ሲጠፋ፣ ውኃ ሲሄድ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሳተራምስ፣ ትርንጎ ሌላ አትናገርም፤ «ወተቱ ረጋ?» ትለኛለች። ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሰሟት ስለኖሩ ከየት እንደ መጣች ጠይቀው አያውቁም። ቅዳሜ ግን ሕይወት አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ የምን ወተት ነው ሁልጊዜ የምትባባሉት አለችኝ። እኔም ስልኩን ዝም አሰኝቼ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ጉልበቴ እንደ እሷ አልታጠፍ ስላለኝ እግሬን ዘረጋሁ። ያንቺዋ ሴት የምታስተምርሽን እኔ ቡሬ ላይ ከአንዲት ላም ነው የተማርሁት አልኋት።

ቡሬን የማውቃት መንግሥት ተለውጦ ሰው አዲሶቹን ሹማምንት በመልክ መለየት በጀመረበት ሰሞን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ፤ የሻዩን ዋጋ ግን አልሳሳትም። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲ አሥር ሳንቲም፤ አንድ ብርጭቆ እርጎ ከነሚጥሚጣው ሃምሳ ሳንቲም። እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣዬ ቡሬ ሆነና አንድ የካርቶን ሻንጣና አንድ ጋቢ ይዤ መጣሁ። የገበያ ቀን ከተማዋ ትሞላለች። ወንዱ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይገባል። የበርበሬ ወቅት ሲሆንማ ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ነበር ሰላምታ የሚለዋወጠው። መናኸሪያው ጥግ ያለው ካሴት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ይደጋግማል፤ ካሴቱ ከመለጠጡ የተነሣ ዘፋኙ ይዝፈን ያልቅስ አይለይም፤ እኛ ግን እንደዚያው አድርገን ነበር በቃላችን የያዝነው። ዛሬ ያንኑ ዘፈን ልጆቼ ስልክ ላይ ጥርት አድርገው ሲከፍቱልኝ ሌላ ሰው የዘፈነው ይመስለኛል። እኛ ወጣት መምህራን ያኔ ሱሪያችንን ከታች ሰፋ አድርገን አሰፍተን፣ ሸሚዛችንን እስከ አንገት ቆልፈን፣ ማታ ማታ ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንለካው ነበር።

እኔ ታዲያ ያኔ ቁጡ ነበርሁ። ቁጡ ስል የቀልድ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ጠመኔ ከመጻፊያነቱ ይልቅ መወርወሪያነቱ ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ዳስተሩን ወርውሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ መታሁና አፍሪካን ከላይ እስከ ታች ቀደድኋት። ተማሪዎቹ ስም አወጡልኝ፤ «ክብሪት» አሉኝ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ከዴስክ ሥር አንዱ ክብሪት ይጭራል፤ ጫር የምትለው ድምፅ ስትሰማኝ ዘወር ብዬ እጮሃለሁ፤ እነሱም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ቤቴ ገብቼ ደግሞ አላርፍም። በሐሳቤ ከእነሱ ጋር እንደገና እጣላለሁ። ምን ማለት እንደነበረብኝ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሽሮዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር።

ትርንጎን ያወቅኋት በዚህ ጠባዬ ነው። የትምህርት ቤታችን የጽሕፈት መኪና ተበላሸና የሰሚስተሩን ፈተና ፍኖተ ሰላም ወስጄ አንድ ቢሮ ውስጥ ለምትሠራ ታይፒስት ሰጠሁ። በሳምንቱ ሄጄ ሳየው፣ ከሰማንያ አምስት ላይ ሃያ ሰባት ቀንሱ የሚለው፣ ከሰማንያ አምስት ላይ ሃያ ሰባት ቀስሱ ሆኗል። ተማሪዎቼን ሁሉ ቅስና ልትሾሚያቸው ነው እንዴ ብዬ በቢሮው ሰው ፊት ጮኽሁባት። እሷ እጇን መኪናው ላይ አድርጋ፣ ዝናብ እስኪያባራ በረንዳ ላይ እንደ ቆመ ሰው ጠበቀችኝ። ስጨርስ «ጨረሱ? እንግዲያው ወረቀቱን ያምጡትና ላርመው» አለችኝ። ቡሬ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዬ አልበረደም፤ ግን ከንዴት ይሁን ከሌላ ነገር እኔም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቼን በየሁለት ሳምንቱ መፈተን ጀመርሁ። በዓመቱ ተግባባንና ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ መሪጌታ እንዳላማው ከላህ ወንዝ ማዶ፣ ከፍኖተ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነበር የሚኖሩት። ቅኔ የዘለቁ፣ ገበሬነቱንም ያልተዉ፣ ነገርን በቀጥታ መናገር እንደ ድሀ ወጥ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ የሠራሁት ስሕተት፣ አንድም የአገሩን ሰው ሳልጨምር መላኬ ነው። ዳይሬክተራችን አቶ ሽፈራው የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ሁለቱ ባልደረቦቼም እንደኔው የሩቅ አገር ሰዎች። ሄደው፣ በደንቡ ቆመው ተናገሩ፤ ተቀመጡ ተባሉ፤ መሪጌታም ከሰሟቸው በኋላ «ልጁን አልጠላነውም። ብቻ ወተቱ ይርጋ፤ ሲረጋ ብቅ በሉ» አሏቸው። ሦስቱም እጅ ነሥተው ወጡ። ቡሬ ሲደርሱ ሻይ ቤት ተቀምጠን መከርን። የአገሩ ወግ መሆን አለበት፣ ከወሬው በፊት እርጎ ይቀርባል ማለት ነው አሉ አቶ ሽፈራው። እኔም ጎጃም ከብቱ ብዙ ስለሆነ ነው ብዬ ምክንያቱን አገኘሁለት። እንዲያውም ርካሽ ጥሎሽ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ እትየ አበቡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ላም ያሏቸው፣ ወተትና እርጎ ሸጠው የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። በወይራ የታጠነ አንድ ሙሉ ቅል እርጎ ከእሳቸው ገዛሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ ቅበላ ቀርቦ ስለነበር እሳቸውም ለበዓሉ መስሏቸው አልጠየቁኝም። ሽማግሌዎቹ ቅሉን ይዘው ተሳፈሩ። የዛሬውን አስፋልት አታስቢ አልኋት ለልጄ። ያኔ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ጠጠር መንገድ ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሰውና ዶሮ እኩል ነበር የሚዘለው። ቅሉ መሪጌታ ፊት ቀርቦ ሲከፈት እርጎው እርጎ አልነበረም፤ ቅቤው ወጥቶ አሬራው ለብቻው ሆኗል። መንገዱ ንጦታል። መሪጌታ ቅሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመለከቱ አሉ። በመጨረሻ «ይኸም እንደ ባለቤቱ ነው፤ መንገድ አይችልም» ብለው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲሸኙ ግን ሳቃቸውን አቆሙና፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ረግቶ፣ ልጁ ራሱ ይዞት ይምጣ አሉ።

አቶ ሽፈራው ይህን የነገሩኝ ቡሬ መናኸሪያ፣ ከአውቶቡሱ እንደወረዱ ነው። እኔ ምኑንም አልተረዳሁት፤ የገባኝ ነገር ቢኖር መሳቃቸው ብቻ ነው። ልጃቸውን ነው የሚድሩት ወይስ እርጎ ነው የሚነግዱት ብዬ በሕዝብ መካከል ጮኽሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ መሬት ላይ መታሁት፤ አንዱ ፍየል አፈፍ አድርጎት ሄደ። ያቺ ቃሌ በማግስቱ በጧቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም ገባች። በሳምንቱ ከትርንጎ ደብዳቤ መጣልኝ። በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ሁለት መስመር ብቻ፣ አንድም የፊደል ስሕተት የሌለበት። ከደምበጫ ሌላ ሽማግሌ መጥቷል፤ አባቴ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አቆይቶልሃል ይላል። የደምበጫውን ሰውዬ በስም አውቀዋለሁ፤ የጭነት መኪና ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ነጋዴ ነው።

ደብዳቤውን ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድሁ ጮክ ብዬ ሳነብ እትየ አበቡ ላም እያለቡ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ንገረኝ አሉኝ፤ ነገርኋቸው። ወተቱ ይርጋ ካለው ላይ ስደርስ ግንባራቸውን ላሟ ሆድ ላይ ደግፈው ይንፈቀፈቁ ጀመር። ላሟም ግራ ገብቷት ዞራ አየችኝ።

«አንተን አሉህ እንጅ ወተቱን መቸ አሉ?» አሉኝ መናገር ሲችሉ።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ረጋ በል፣ ረጋ በል እያለ ያሳደገኝ የገዛ አባቴ ነው፤ ቃሏን በቀን አሥር ጊዜ እሰማት ነበር። መሪጌታ ወተት ብለው ያለበሷት እኔን ሊሰድቡኝ ሳይሆን በሽማግሌዎቹ ፊት ሊያከብሩኝ ኖሯል። ወተቱ ሰሙ ነው፣ ወርቁ እኔ ነኝ። እኛ ደግሞ ሰሙን በቅል ሞልተን፣ ጭነን ወሰድንላቸው። ከኀፍረቴ የተነሣ እዚያው የላሟ በረት ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። ያኔ የደምበጫው ሰውዬ ቀስ ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር፤ ትርንጎ ልታመልጠኝ እንደሆነም ገባኝ። እንዴት ነው ሰው በሁለት ወር የሚረጋው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ቀልዴን አልነበረም።

እትየ አበቡ ማለቢያቸውን አስቀመጡና፣ ወተትን የሚያረጋው ማን ነው ብለው መልሰው ጠየቁኝ። እርስዎ ነዎት አልኋቸው።

«እኔማ አስቀምጨው እሄዳለሁ። ወተት ሲነካኩት ነው የማይረጋ። አንተ ደግሞ ማን ምን አለኝ፣ ለምን እንዲህ አየኝ እያልህ ራስህን ስትነካካ ነው የምትውል።»

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ወተቱ ስለማይጠጣ እትየ አበቡ በየቅሉ እያረጉ ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ትምህርቴም እዚያው በረቱ ጥግ፣ ቅሎቹ ከተደረደሩበት አጠገብ ሆነ። ጧት ከትምህርት ቤት በፊት በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም። ትንፋሽህን ከላሚቱ ጋር አድርገው አሉኝ። ላም ስታመሰኳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትስባለች፤ ታቆያለች፤ በረጅሙ ትለቀዋለች። መጀመሪያ ቀን እሷ አንዴ ስትተነፍስ እኔ አራቴ ተነፈስሁ። ቁጥር አልነበረውም፤ ፈረንጇም አልነበረችም፤ ላሟ ብቻ ነበረች። ሐሳብ ይመጣብኛል ብዬ አማረርሁ፤ ክብሪቱ፣ የደምበጫው ሰውዬ፣ ፍየሉ የበላው ባርኔጣ። እትየ አበቡ አሁንም ወደ ላሟ አመለከቱኝ። ዝንብ ሲያርፍባት ተነሥታ አታሳድደውም፤ ጅራቷን ነቅነቅ አድርጋ ማመስኳቷን ትቀጥላለች፤ አንተም እንዲያ አድርግ አሉኝ። እኔ ጅራት የለኝም አልኋቸው። ትከሻ አለህ አይደል፣ ትከሻህን ለቀቅ አድርገው አሉኝ። እውነትም ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተወትፎ ነበር የኖረው፤ ዝቅ ሳደርገው ምን ያህል ተሸክሜው እንደኖርሁ አወቅሁ። እስከ ዛሬ ባንክ ቤት ስሰለፍ ይህንኑ አደርጋለሁ።

ሁለተኛውን ነገር ያስተማረኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ ቢምረው ነው። ደወላችን ዋርካ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ አያ ቢምረው በብረት አንዴ ይመታውና ዓይኑን ጨፍኖ ቆም ይላል። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ያን ሰሞን ጠየቅሁት። «ድምፁን እየሸኘሁት ነዋ። እንግዳ እኮ ደጅ ድረስ ይሸኛል» አለኝ። ሞከርሁት። ቸርኬው ሲመታ ድምፁ አለቀ ስትይ አያልቅም፤ ይቀጥናል፣ ይርቃል፣ ከዋርካው በላይ፣ ከቆርቆሮው በላይ፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሽንዲ መንገድ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ስትሸኚው ሆድሽ ውስጥ ያለው ጫጫታ አብሮት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደወሉ ተመትቶ ድምፁን ሳልሸኝ ክፍል መግባት ተውሁ።

ሁሉም ነገር ግን በአንድ ጊዜ አልሆነልኝም። በጾሙ እኩሌታ ላይ የእትየ አበቡ አውራ ዶሮ ከበረቱ አጥር ዘሎ ሁለት ቅል ገለበጠብኝ። ከእነበርጩማው ተነሥቼ ያንን ዶሮ እስከ መናኸሪያው አሳደድሁት፤ ተማሪዎቼ ቆመው አዩኝ። ስመለስ እትየ አበቡ መሬቱን እየጠረጉ፣ ዛሬ እንግዲህ መጀመሪያ ቀን ነው አሉኝ፤ አልተቆጡም። እንደገና ከአንድ ጀመርሁ። ክፍል ውስጥም ክብሪቱ መጫሩን አላቆመም። ጫር ሲል ትከሻዬን ዝቅ አደርግና ያንን የቸርኬ ድምፅ በልቤ አስነሥቼ እሸኘዋለሁ፤ ክፍሉም ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ መምህር አሞዎታል እንዴ አለችኝ። አይ እንግዳ እየሸኘሁ ነው አልኋት። ነገሩ ጨዋታ ሆነላቸውና ደወሉ ሲመታ እነሱም ጸጥ ብለው መሸኘት ጀመሩ፤ መጨረሻውን የሰማ እጁን ያወጣል። በሆሳዕና ሳምንት አቶ ሽፈራው አስጠርተውኝ፣ ጠመኔ ከግምጃ ቤት መውሰድ ለምን አቆምህ ብለው ጠየቁኝ። አንዱ ጠመኔ ሳምንት ይበቃኝ ጀምሮ ነበር።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። እትየ አበቡ ከቅሎቹ ሁሉ የተሻለውን፣ በወይራ ሁለት ጊዜ የታጠነውን መርጠው ሰጡኝ። አቶ ሽፈራውና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ቅሌን ታቅፌ ከኋላ ተሳፈርን። ረዳቱ ዕቃ ከሆነ ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ ብሎ ተሟገተኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አውቶቡሱ በእኔና በእሱ ነገር አንድ ሰዓት ይዘገይ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሼን ከላሚቱ ጋር አድርጌ፣ ወንድሜ ይህ ዕቃ አይደለም ሚስቴ ናት አልሁት፤ ሰዉ ሳቀና ተወኝ። አጠገቤ አንዲት ሴት የበርበሬ ጆንያ ይዘዋል። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል፤ እኔ ቅሉን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ አፍንጫዬን ይዤ በዕንባ እታጠባለሁ። ሴትዮዋ እያለቀስሁ መስሏቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ አሉኝ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። እሱ እስኪቀየር ጥላ ሥር ተቀምጬ የአውቶቡሱን ጥላ ስመለከት ቆየሁ፤ አቶ ሽፈራው ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ እኔን ሲያዩ፣ ሰዓታቸውን ሲያዩ። ከፍኖተ ሰላም በእግራችን ቀጠልን። ላህን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረን ማዶ እንደ ደረስን ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። እርጎው እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ድፍን፣ አንዲት ስንጥቅ የሌለበት። ለአቶ ሽፈራውም አሳየኋቸው።

በሩ ላይ የተቀበለችኝ ትርንጎ ናት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። መሪጌታ ዳዊት እየደገሙ ነበርና እስኪጨርሱ መደቡ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ሰውየው መዝሙር በመዝሙር ላይ ይጨምራሉ። ሽማግሌዎቹ ይቁነጠነጣሉ፤ እኔ ውጭ በረት ውስጥ የሚያመሰኳ በሬ ሰምቼ አብሬው እተነፍሳለሁ። ከደኅና ቆይታ በኋላ ዳዊቱን ስመው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። ቅሉ ቀረበ። ክዳኑ ተከፈተ። መሪጌታ ወደ ዋንጫ ዘንበል ሲያደርጉት ጠብ ያለው ቀጭን አሬራ ነው፤ ጥቂት የቅቤ ፍርፋሪ ብቻ ይንሳፈፍበታል።

አቶ ሽፈራው ከእኔ ራቅ ብለው ወደ ምሰሶው ተጠጉ፤ አልፈረድሁባቸውም። ሙቀቱ ከሆዴ ተነሥቶ አንገቴ ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። አሁን ነበር ያየሁት፣ እዚያ ወንዙ ዳር ድፍን ነበር ብዬ ልነሣ ጉልበቴ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ወር ሙሉ በረት ውስጥ የተቀመጥሁለት ነገር ዋንጫው ውስጥ አሬራ ሆኖ ያየኛል። ትርንጎ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ነበር፤ የእግሯን ጣቶች አየኋቸው። ትከሻዬን ለቀቅሁት። የአያ ቢምረውን ቸርኬ በልቤ መታሁና ድምፁን ሸኘሁት፤ ረጅም መንገድ ነበር የሄደው። ሲያልቅ ሆዴ ውስጥ ሳቅ ብቻ ቀርቶ አገኘሁ።

«መሪጌታ» አልኋቸው፣ «ወተቱስ መንገድ አልቻለም። እኔ ግን ረግቻለሁ።»

መሪጌታ ወደ ዋንጫው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ጭናቸውን በእጃቸው መታ አደረጉና «ሰሙ ፈሰሰ፤ ወርቁ ተገኘ» አሉ። ልጄ አሉኝ፤ ከመደቡ ተነሥተህ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ አሉኝ። ጉዳዩ አለቀ። ትርንጎ እጅ ልታስታጥበን ወጥታ ጎንበስ ስትል ፀጉሯ በለጋ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። እንዴት እንደማረችብኝ። ለእኔ ብላ ተዘጋጅታ መስሎኝ ልቤ ሞቀ።

ለሕይወት ይህን ሁሉ ስነግራት ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። እሷም መተንፈሷን ረስታ፣ እግሯን እንደ እኔ ዘርግታ ትሰማኛለች። እትየ አበቡ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቸርኬውም በኤሌክትሪክ ደወል ተተክቷል፤ ድምፁ ደግሞ የሚሸኝ ዓይነት አይደለም፤ ሲጠፋ ድርግም ነው። መሪጌታም ያቺን ቅኔ እስኪሞቱ ድረስ በየሠርጉ ሲናገሯት ኖረዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ አልኋት ለልጄ። ያ እርጎ ወንዝ ተሻግሮ ድፍን ነበር፤ ከወንዙ እስከ ቤታቸው ደግሞ ሜዳ ነው፤ እንዴት አድርጎ ተናጠ? አስፋልቱ ሲሠራ እንኳ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ ይኼ መንገድ በእኔ ላይ የሠራውን ሠርቶ ነው አሁን የሚያምርበት ብዬ ነበር።

«መንገዱን ተወው፣ እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ቆይታለች። ምኑ ነው አንቺ አልኋት።

«እኔ ነኝ የናጥሁት። አባቴማ ቅኔው ኸሰመረለት በቂው ነበር፤ አብሬህ የምኖር እኔ እንጅ እሱ አይደል። እሱ ዳዊቱን ሲደግም እኔ ጓዳ ሁኜ እጄ እስቲዝል ናጥሁት። ያን ለት ብትጮህ ኑሮ የደምበጫውን ነበር የማገባ።»

እኔን ያ የድሮው ሙቀት፣ ብዙ ዓመት ያላየሁት እንግዳ፣ ከሆዴ ተነሥቶ ወደ አንገቴ ሲመጣ ተሰማኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ስሰድብ ኖሬአለሁ። ትርንጎ ከበሩ ሳትነቃነቅ ፊቴን ታያለች፤ ያኔም ከመጋረጃው ኋላ እንዲህ እያየችኝ ነበር ማለት ነው። ዓይኔን ጨፈንሁ። ቸርኬው የት እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት ቀልጦ ሚስማር ሆኗል፤ እኔ ግን መታሁትና እስከ ሽንዲ መንገድ ድረስ ሸኘሁት። ስገልጥ ሁለቱም ይጠብቁኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ቅቤውንስ ምን አደረግሽው?» አልኋት።

ትርንጎ ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ የሸበተ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች።

«ያን ለት ያማርሁብህ በምን ይመስልሃል?» አለችኝ።